ለሠላሳ ዓመት ሦስት ነጥብ

የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ያገኘው ከተወረሰ ቤት ነው። ሐይቁ ዳር ከነበረ የአንድ ባላባት ቪላ አውጥተው፣ በጋሪ ጭነው፣ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው የቀበሌ አዳራሽ ሲያመጡት ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። አንዷ የሥጋ መክተፊያ ነው አለች። ሌላዋ ለሠርግ ድግስ ይሆናል አለችና ማን ቀድሞ ይዋሰው በሚል ክርክር ተነሣ። በኋላ ከግብርና መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ መረብ ሲዘረጋበት ነው ነገሩ የተገለጠልን። ሊቀመንበራችን እዚያው ቆማ «ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌያችን ሴቶች ስፖርተኞች ናቸው!» ብላ አወጀች። አጨበጨብን። ያኔ ለማንኛውም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

ወዲያው መመሪያ ወጣ። አባል የምትሆን ሴት የቀበሌው ነዋሪ፣ መዋጮዋን የማታስተጓጉል፣ ከፊውዳል ርዝራዥ የጸዳች መሆን አለባት ይላል። ጠረጴዛው ራሱ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን ያነሣ ሰው የለም። ምን ቆርጦን!

የመጀመሪያውን ውድድር አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሁላችንንም ተራ በተራ ረትታ ጨረሰችው። እናቶች አኮረፉ። «ይኼ ነው እኩልነት? ስድስት ወልጄ፣ ሊጤን አቡክቼ መጥቼ፣ ከዚች እንቦቃቅላ ጋር እኩል ከዜሮ ልጀምር?» ሊቀመንበሯ ነገሩን ስታስብበት ሰነበተችና የማካካሻ ነጥብ የሚባል ነገር ይዛ መጣች። ጨዋታው እስከ ሃያ አንድ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነች ሦስት ነጥብ ይዛ ትጀምራለች፤ ከአርባ በላይ የሆነች አምስት። ባለትዳር ለቤት ሥራዋ አንድ ይጨመርላታል፤ የምታጠባ ሁለት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ዳኛው ይቆምና የሁለቱንም መነሻ ነጥብ ጮክ ብሎ ያስታውቃል። የልደት ወረቀት ያለው ሰው ስላልነበረ የዕድሜ ነጥብ የምትጠይቅ ሁለት ምስክር ታቁም ተባለ።

እግዜር ያሳያችሁ! ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ሴት በሙሉ አረጀ። ጠጉሯን ስታጠቁር የኖረችው ሻሿን ገፋ አድርጋ ሽበቷን ማሳየት ጀመረች። ጣልያን ሲወጣ ትዝ ይለኛል የምትል ሁሉ መጣች። ከሁሉ የባሰችው ጎረቤታችን፣ የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ለፋሲካ ሃያ ዘጠኝ ነኝ ያለችን ሴትዮ ሰኔ ላይ አርባ አንድ ገባች። ባሏ ገና ሠላሳ ስምንቱ ነው። ምስኪን፣ «እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ነው?» እያለ ሰፈሩን ይዞር ነበር። የማጥባቱ ነጥብም እንዳይቀርባት ሦስት ዓመት የሞላውን ልጇን ጡት አላስጥልም አለች። ልጁ የወደቀውን ኳስ አንሥቶ ይሰጣትና ደመወዙን ጠብቶ ይሄዳል።

እኔ እውነተኛውን ተናገርኩ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሁለት ምስክር አቆምኩ፣ ሦስት ነጥቤን ተቀበልኩ፣ ተቀመጥኩ።

ጣጣው የመጣው በእህቴ ነው። እህቴ ታላቄ ናት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ በፖስታ ቤት ደመወዟ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። በምዝገባው ቀን ሥራ ላይ ስለነበረች በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። ሊቀመንበሯ አጠገብ ዳኛው ተቀምጧል። ይኼ ዳኛ ያ መረብ የዘረጋልን የግብርና ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ ወንደላጤ፣ በብስክሌት የሚሄድ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ድምፁ የሚሰማው ነጥብ ሲጠራ ብቻ ነው። ከእህቴ መስኮት ግን ቴምብር መግዛት ያበዛ ነበር። ለማን ነው የሚጽፈው ስንል ለእናቱ ነው ተባልን። ለአንዲት እናት ያን ሁሉ ደብዳቤ!

ስለ እናቱ ደግሞ የልብስ ሰፊው ሚስት ወሬ አምጥታ ነበር። «ሠላሳ የዘለላትን እንዳታመጣብኝ፤ የልጅ ልጅ ሳልስም አልሞትም» ብለውታል አሉ። እህቴ ይህን ሰምታለች።

«ዕድሜ?» አለች ሊቀመንበሯ።

«ሃያ ሰባት» አለች እህቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ትን አለኝ። ዳኛው ውሃ አቀበለኝ።

ቤት ስንገባ «እትዬ፣ እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ብያለሁ!» አልኳት።

«ታዲያ ቀንሺዋ!»

«ምስክር አቁሜ? ትናንት ሠላሳ አንድ የነበረች ዛሬ ሃያ ሁለት ልሁን?»

«ሰው ሁሉ ሽቅብ ሲወጣ አንቺ ቁልቁል ብትወርጂ ምን አለበት?»

ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች። በግልጽ ልናገረው፦ ትወደው ነበር። ሰፈሩ «ቆማ ቀረች» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ይኼ ሰው ከቀረባት ሌላ አይመጣም ብላ ቆርጣለች። ሠላሳ ስድስት መሆኗን ያወቀ ቀን እንደሚሄድ ደግሞ ጥርጥር አልነበራትም። እኔም እንደዚያው አስብ ስለነበር ዝም አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ጎረቤትም ዝም አለ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታሳዝነኝ ከረመች። ጨዋታው በዙር ነበርና ሁሉም ከሁሉም ይገናኛል። ዳኛው ይቆማል፤ ተጋጣሚዋን «ስድስት!» ይላል፤ እህቴን «ዜሮ!» ይላል። ከሁላችንም የምትሻል ተጫዋች እያለች በሁለት በሦስት ነጥብ እየተረታች ትወጣለች። እሱ ደግሞ «በወጣትነትሽ ተረታሽ እንጂ ጎበዝ ነሽ» ይላታል መሬት መሬት እያየ። ያቺን ቃል ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ትኖርባታለች።

አንድ ቅዳሜ ተራው የእኔና የልብስ ሰፊው ሚስት ሆነ። ለሷ ስምንት፣ ለእኔ ሦስት ተጠራ። ስምንት ነጥብ በነጻ የያዘች ሴት በእኔ ሦስት ዓይኗ ቀላ። እጇን አወጣች።

«ጥያቄ አለኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይቺ ሠላሳ አንድ ከሆነች እህቷ እንዴት ሃያ ሰባት ትሆናለች? እትዬ ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዷ ዋሽታለች፤ ግለ ሂስ ያድርጉ!»

ሰው ሁሉ ወደ እህቴ ዞረ። እህቴን ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ዳኛው ራኬቱን ማገላበጥ ጀመረ። ሦስት ነጥቤን ትቻለሁ ልል አፌን ስከፍት ሊቀመንበሯ በእጇ አስቆመችኝ። «የለም፣ እውነቱ ይውጣ። እናታቸው እዚህ አሉ።»

እናቴ አዳራሹ ጥግ ቴርሞሷን ይዛ ተቀምጣለች። ማኅበሩ ያለው አንድ ኳስ ብቻ ስለሆነ፣ ኳሷ ስትሰረጎድ ፍል ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቅናት የእናቴ ሥራ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለች ሊቀመንበሯ። «ማንኛዋን ነው መጀመሪያ የወለዱት?»

እናቴ ጾም የማትሽር፣ ቅዳሴ የማታጓድል ሴት ናት። በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«በኩሬ ይቺ ናት።»

«ታዲያ እትዬ የምትላትስ?» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

«ስታሞላቅቃት ነዋ!»

«ያኛዋ ትልቅ ትመስላለች እኮ!»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ደግሞ ያማጥኩት እኔ፤ አንቺን ምን አገባሽ? ልጅሽን ጡት አስጥይ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ክርክሩም አበቃ። እኔ ግን ታላቅ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ባለበት ሁሉ እህቴ እትዬ ትለኝ ጀመር፣ ጥርሷን ነክሳ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ስታዘዝ ኖሬአለሁና አልማርኳትም። «ነይ እስቲ ውሃ አምጪልኝ፣ የኔ ሚጢጢ» እላታለሁ። ውሃውን ስታቀብለኝ ትቆነጥጠኛለች። እናቴን ደግሞ የንስሐ አባቷ ለውሸቱ ስግደት አዘዙባት። ማታ ማታ ጉልበቷን እያመማት «ይኼ በአንቺ፣ ይኼ በሷ» እያለች ስትሰግድ እንሰማት ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሙ። አንዱ የዳኛው አለቃ፣ አንዱ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አንዱ ከአገር ቤት የመጡ አጎቱ። እኔና እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸጉጠናል። እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። እናቴ አስቀመጠቻቸው፤ ሻይ ቀረበ፤ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠርገው ታናሺቱን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። እህቴ እጄን ጨመቀችው።

አጎትየው ግን ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ቆይ ቆይ። ታላቂቱ ተድራለች?»

«ኧረ አልተዳረችም» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ምን እያደረግን ነው? ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ አትወጣም። በኛ ወግ ነውር ነው።» ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «መቼም ከዚህ ደጅ ባዶ እጃችንን ከምንመለስ ታላቂቱን ብንጠይቅስ? ሠላሳ አንድ ናት አሉኝ። አንዷን ዓመት እናቱን አግባብቼ አሳልፋታለሁ።»

አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰፈራችን ሽማግሌም «መልካም ተናገሩ» አሉ። እናቴ እኔን በኩሬ ናት ብላ በሕዝብ ፊት መስክራ አሁን ምን ትበል? ሻይ ደግማ ትቀዳላቸው ጀመር። እኔን ላብ አጠመቀኝ። በእህቴ ብር ተምሬ፣ በእህቴ ምትክ ልዳር ነው!

መጋረጃው ተገለጠ። እህቴ መሀል ቤት ቆማለች።

«ታላቋ እኔ ነኝ!» አለች። «ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ የዋሸችው ለኔ ብላ ነው። እህቴን ለቀቅ አድርጓት፤ እሱንም ሂዱና ንገሩት!» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንመካከርበታለን» አሉና ወጡ። ሽማግሌ እንመካከርበታለን ካለ ነገሩ እንዳለቀለት ማን ያጣዋል።

ሳምንቱን ሙሉ ዳኛው ፖስታ ቤት አልመጣም። ብስክሌቱም በሰፈራችን አላለፈም። እህቴ አላለቀሰችም፤ ከሥራ እየተመለሰች የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥብ ነበር። እኔ በሰውየው ተናደድኩ። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ብሎ ይቺን የመሰለች ሴት የሚተው ወንድ የራሱ ሽበት አይታየውም እንዴ፣ እያልኩ ድስት ሳንጓጓ ሰነበትኩ። እናቴ «ተዪ ልጄ፣ እግዜር ያለው ይሆናል» ትለኝና መልሳ ራሷ ትረግመዋለች።

ቅዳሜ ደረሰ። የእህቴ ተጋጣሚ የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። «ዛሬ እንኳ ቅሪ» አልኳት።

«ሸሸች ይበሉኝ? አልቀርም» ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ወሬው ቀድሞን ስለነበር አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳኛው ቦታው ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ ደፍርሷል፣ ሸሚዙ የመንገድ አቧራ ለብሷል። እህቴን ቀና ብሎ አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ኳሷን አንሥቶ ወደ ልብስ ሰፊው ሚስት አመለከተ።

«ስምንት!»

ወደ እህቴ ዞረ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አላየም።

«አራት!»

ጉምጉምታ ተነሣ። ሊቀመንበሯ በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማም ቆጠረች። «ጓድ ዳኛ፣ ሦስቱ ይሁን፤ ለዕድሜ ነው፣ ሰምተናል። አራተኛዋ ከየት መጣች?»

ጆሮው ፍም መሰለ። «የባለትዳር ናት።»

«ማን አገባት?»

«እናቴ ዘንድ ነው የሰነበትኩት» አለ። «ሠላሳ ስድስት ናት አልኳቸው። መጀመሪያ አኮረፉ። እሷን ካጣሁ ሌላ አላገባም ስላቸው ‹እንግዲያ ቶሎ አምጣት› አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ የማደርገውን አላውቅም ነበር፤ የልብስ ሰፊውን ሚስት አቅፌ ስስማት ነው ራሴን ያገኘሁት። ሊቀመንበሯ ግን ሊቀመንበር ናት፤ መመሪያዋን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛውን መታች።

«ጸጥታ! እንኳን ደስ ያላችሁ። ነገር ግን ላልተፈጸመ ጋብቻ ነጥብ አይሰጥም። አንዷ ትቀነስ።»

ዓመቱን ሙሉ ዜሮ ሲባልላት አንገቷን ደፍታ የተጫወተችው እህቴ ራኬቷን አንሥታ ሊቀመንበሯ ፊት ሄደች።

«ሦስቱን ከፈለግሽ ውሰጂ» አለች እንባዋ እየወረደ። «አራተኛዋን የነካ ግን ወዮለት!»