ይወድቃል የተባለው ጥርስ

ሶፋ ሰሪውን ሠፈሩ «ፒንሳ» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በመሣሪያው አይደለም፤ በአፉ ነው። ሥራ ላይ ሲሆን ጥቃቅን ምስማሮች በከንፈሩ መሐል ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ በምላሱ አንድ በአንድ እየገፋ ያወጣቸውና ጨርቁን ከእንጨቱ ጋር ይመታባቸዋል። የክር ጫፍ ሲያስቸግረው መቀስ አይፈልግም፤ ይነክሰዋል። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ለስላሳ ይጋብዛል፤ ግብዣው ራሱ ትዕይንት ነው። ቆርኪውን በመንጋጋው ያዝ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር፣ ጧ! ቆርኪው ወለሉ ላይ ሲንከባለል ደንበኛው ይስቃል፤ ፒንሳም ጥርሱን በሙሉ ገልጦ፣ «ብሩሽ አያውቀው፣ ሐኪም አያውቀው! እግዜር የሠራውን ሰው አይጠግነውም» ይላል።

ነገሩ በአንድ ሰው አፍ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳያችን አልነበረም። የገዛ አፉ የገዛ ንብረቱ ነው፤ ከፈለገ ሐዲድ ይንከስበት። ችግሩ ፒንሳ አባወራ መሆኑ ነው። አባወራ ደግሞ በራሱ አፍ ያየውን በቤተሰቡ አፍ ላይ ሕግ አድርጎ ያውጃል። «የእኛ ዘር ጥርሰ ብርቱ ነው» የሚለው አዋጅ አንዴ ከወጣ በኋላ፣ በዚያ ቤት ጥርስ አመመኝ ማለት ዘርን እንደ መካድ ተቆጠረ። ብሩሽ የለም እንዳይባል አንድ አለ፤ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ፣ ጸጉሩ እንዳረጀ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ የተንጨፈረረ። የማን ነው? የሁሉም! በዚያ ቤት ውስጥ በእውነት የጋራ የሆነ ብቸኛ ንብረት እሱ ነበር።

የሥራ ቤቱና መኖሪያው በአንድ በር ይገናኛሉ። ከፊት የእንጨት አጽም፣ የስፖንጅ ክምር፣ ሞላቸው ፈንጥሮ የወጣ አሮጌ ወንበሮች። ከኋላ ሁለት ክፍሎች፣ ሚስትየው የሶፋ ልብስ የምትሰፋበት መኪና፣ ሁለት ሴቶች ልጆች። የዘጠኝ ዓመቷ ትልቋ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ላስቲክ ለብሶ ባለቤቱን የሚጠብቅ ሶፋ ላይ ትወጣለች። ደንበኛ ጠጥቶ ያጋመሰው ለስላሳ የእሷ ድርሻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ብትጨልጠው እንኳ ባልከፋ። እሷ ግን የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ አንድ ጉንጭ ዛሬ አንድ ጉንጭ ነገ በሚመስል ቁጠባ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ትጠባዋለች። ጥርሷ ስኳር ውስጥ እንደ ተዘፈዘፈ ልብስ ይውላል።

«የኔ እመቤት፣ ስትጠጪ እንኳ ታምሪያለሽ!» ይላታል አባቷ።

ይኸው ሰው ለደንበኛ ሲሰብክ ብትሰሙት ጠቢብ ትሉታላችሁ። አንዲት ባልቴት አሮጌ ሶፋቸውን ጨርቅ ቀይርልኝ ብለው ሲያመጡ፣ ወንበሩን ገልብጦ አሳያቸው።

«እናቴ፣ ጨርቁ ምን አደረገ? ውስጡ ነው የበሰበሰ። ሲንቋቋ ጊዜ አምጥተውት ቢሆን አንዲት እንጨት ቀይሬ በሰላም እሸኝዎት ነበር።»

«መች አወቅሁ ልጄ፣ የሚንቋቋው በእርጅናዬ መስሎኝ» አሉ ባልቴቷ።

ሁለቱም ሳቁ። ያ ብልህነት ግን ከሥራ ቤቱ ወደ መኖሪያው የሚወስደውን በር ተሻግሮ አያውቅም። በሩ ለሰው እንጂ ለዕውቀት አልተሠራም መሰለኝ።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ የመጣች የጥርስ ነርስ ትልቋ በምትማርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን አፍ በባትሪ እያበራች አየች። ትልቋ ዘንድ ስትደርስ፣ በታችኛው መንጋጋ በስተቀኝ፣ ከሁሉም ኋላ ያለችው ጥርስ ላይ ቆመች።

«የኔ ቆንጆ፣ ይቺ ቋሚ ጥርስሽ ናት። መቦርቦር ጀምራለች፤ ገና ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ከተሞላች ትተርፋለች። እናትና አባትሽ በዚህ ሳምንት ይዘውሽ ይምጡ፣ እሺ?»

ልጅቷ መልእክቱን እንደ ተቀበለች አደረሰች። ፒንሳ ማጣበቂያ በሚሸት ጣቱ አገጯን ቀና አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

«የቱ ነው? ይኼ? ቋሚ ነው አለችሽ?»

«አዎ፣ ይሞላ አለች።»

«እስቲ ልጠይቅሽ። እዚህ ቦታ ላይ ጥርስ ወልቆልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ቋሚ ጥርስ የሚበቅለው ምን ሲሆን ነው?»

«የወተቱ ሲወድቅ።»

«የወተቱ ካልወደቀ፣ እንግዲህ ይኼ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አሰበች። «የወተት?»

«በይ እንግዲህ! ይወድቃል፤ በቦታው እንደ ዕንቁ የሚያበራ ሌላ ይበቅልልሻል። አባትሽ እያለልሽ ምን አስጨነቀሽ!»

በሩን ተደግፎ ሲያዳምጥ የነበረው ጎረቤት ጸጉር አስተካካይ በሳቅ ፈነዳ። «ወይ ፒንሳ! አንተ እኮ ጠበቃ መሆን ነበረብህ።»

እውነት ነው፤ ክርክሩ ጠበቃ የሚያስቀና ነበር። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፦ ስሕተት ነው። ከሕፃን ጥርሶች ሁሉ ኋላ፣ በስድስት ዓመት ገደማ፣ ማንም ሳይወድቅላት፣ ማንንም ሳትተካ፣ በጸጥታ ብቅ የምትል ጥርስ አለች። ደም ስለማታፈስ፣ ስለማታስለቅስ፣ ቤተሰቡ መምጣቷን ልብ አይልም። ዕድሜ ልክ ልታኝክ የገባችውን ባለ ርስት፣ ዛሬ ነገ ትለቅቃለች ብሎ እንደ ተከራይ ያያታል። ይህን ነርሷ ታውቃለች፤ ያወቀችውንም ተናግራለች። ግን ባትሪ የያዘች ሴት ምን ታውቃለች፣ ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት ወንድ እያለ!

«ለማንኛውም እኔ ልውሰዳት» አለች ሚስትየው ከመስፊያ መኪናዋ ቀና ሳትል። «ቢያዩዋት ምን ይጎድልብናል?»

«ለሚወድቅ ጥርስ ሐኪም ቤት? ነገ ደግሞ ለሚቆረጥ ጥፍር ውሰጃት!»

ሁለቱ ወንዶች እንደገና ሳቁ። ሚስትየው ፔዳሉን ረገጠች፤ የመኪናው ድምፅ የቀረውን ንግግሯን ዋጠው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት በዚያ ቤት ሁሉም ያውቀዋል። ቅጠል የሚፈለገው ግን ጣራው ከተቀጣጠለ በኋላ ነው።

ጥርሷ መውደቁን ትታ መጠዝጠዝ ጀመረች። ያኔ የዘመድ አዝማድ ሕክምና ጉባኤ ተቀመጠ። የፒንሳ ታላቅ እኅት ቅርንፉድ ይዛ መጣች። ጸጉር አስተካካዩ ጨው አዘዘ። ሌላ አዋቂ የራስ ምታት ኪኒን ፈጭቶ ድዷ ላይ አስደፋባት፤ ድዷ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ልጅቷ በግራ በኩል ብቻ ማኘክ ተማረች፤ ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጣ አንገቷን ወደ ግራ ማዘንበል ለመደች። ሶፋው ላይ ያያት ሰው ዜማ የምታዳምጥ ይመስለው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ጠፋ።

«አላልኳችሁም?» አለ ፒንሳ፣ ምስማር በሞላው አፉ እየተኮላተፈ። «የእኛ ዘር እኮ ነው!»

ጥርሷ ዝም ያለችው ስለዳነች አልነበረም። ውስጧ ያለው ነርቭ ስለሞተ ነው። ሬሳ አይጮህም፤ ፒንሳ ግን የሬሳን ዝምታ እንደ ጤና ቆጠረው። መግል ከሥሯ በኩል ቤቱን እየሠራ ሳለ ሰውየው ድል አድራጊ ሆኖ ሰነበተ። አገጯ ሥር እብጠት ብቅ ሲልም አክስትየዋ አልጠፋችም። «እኔ ለሳል ታዞልኝ የተረፈ አለ» ብላ ካፕሱሎች አመጣች። እብጠቱ ጎደለ። የቀሩት ካፕሱሎች «ለሌላ ጊዜ» ተብለው መሳቢያ ገቡ። በየቤቱ እንዲህ ያለ መሳቢያ አለ፤ ፈቃድ የሌለው ፋርማሲ፣ ሐኪሙ አክስት፣ በሽተኛው ልጅ!

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ጠዋት ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን ሳትለብስ ወደ ሥራ ቤቱ ወጣች። የቀኝ ጉንጯ ሥር ጠጥሮ እስከ አንገቷ ወርዷል። አፏ ከጣት ስፋት በላይ አይከፈትም፤ ምራቋ በከንፈሯ ጥግ ይወርዳል። «አባዬ» ልትል ሞከረች፤ የወጣው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ትንሽ ቅርንፉድ ቢደረግባት...» ብሎ ጀመረ ፒንሳ።

ሚስትየው መቀሷን ወረወረች። «ቅርንፉድህን ለራስህ አርገው! ልጄ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል፤ አታይም እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ አልጠየቀችም። ልጅቷን አቅፋ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች። ፒንሳ ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ ተከተላት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ልጅቷን አየ፣ ምላሷን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፣ አንገቷን ዳሰሰ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለነርሶቹ በፍጥነት ተናገረ። ፒንሳ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ አፉን መሰብሰብ አልቻለም።

«ዶክተር፣ የወተት ጥርስ ነው እኮ፤ ያው የሚወድቅ...»

«አባት፣ ይኼ የወተት ጥርስ አይደለም። ተተኪ የለውም። አሁን ግን ጥርሱ አይደለም ያሳሰበኝ፤ የምትተነፍስበት መንገድ ነው። እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ እየገፋ ነው። ከአገጯ ሥር ቀደን መግሉን ማውጣት አለብን፣ አሁኑኑ። እዚያ ሆነው ይጠብቁ።»

ዕድሜውን በሙሉ ለሰው መቀመጫ ሲያለሰልስ የኖረው ሰው የብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከጎኑ ናት፤ በመሐላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይነሣሉ፤ የሚወጣው ሰው የሌላ ሰው ነገር ይዞ ያልፋቸዋል።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «አንተ ግን እንዳትመልስልኝ።»

ፒንሳ ዓይኑን ከተዘጋው በር ላይ አላነሣም።

«ነርሷ ዘንድ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ ሆኖ አይደለም። የእናንተን ሳቅ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ስትስቁብኝ ሞኝ እንዳልመስል ብዬ ልጄን ይኸው አደረግኋት።»

ወሬ የሰማው ጸጉር አስተካካይ ደርሶ ከፊታቸው ቆመ። «አይዟችሁ። ዕጣ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ።

ዕጣ! ይህቺ ቃል እንዴት ያለች ታማኝ ሎሌ ናት! ሰው ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ በቀረ ቁጥር ጥፋቱን ተሸክማለት ትወጣለች። ለየአፉ አንድ ብሩሽ ማቆም ዕጣ አይደለም። ጠዋትና ማታ ልጅን አጠገብ ቆሞ ማስቦረሽ ዕጣ አይደለም። ሳያምም ሐኪም ዘንድ ሄዶ አፍ መክፈት የዕጣ ሳይሆን የእግር ጉዳይ ነው። ጥርስ በአንድ ጀምበር አይበሰብስም፤ ከቀዳዳዋ እስከዚያ አግዳሚ ወንበር ድረስ በየመንገዱ ቆማ፣ እየጠዘጠዘች፣ እያበጠች ለምናለች። የሰማት የለም፤ የሳቀባት ግን ሞልቷል።

ልጅቷ ተረፈች። መግሉ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ከአገጯ ሥር ተተክሎ፣ ጥርሷ ተነቅሎ፣ በመርፌ መድኃኒት ቀን ከቀን ስትረዳ እብጠቱ ሟሸሸ። ሐኪሙ አንገቷ ላይ ጠባሳ እንደሚቀር ተናገረ። ቱቦው በወጣ ቀን እናትየዋ ትንሿን ልጅ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ትንሿን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት።

«አንቺስ? እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ እንደ አንበሳ።»

ትንሿ ከፈተች። ከወተት ጥርሶቿ ሁሉ ኋላ፣ በሁለቱም በኩል፣ ነጭ ጫፍ ከድዷ ግማሹን ብቅ ብሏል።

«እህቷን እዚህ ያደረሳት ጥርስ ይኼ ነው» አለ ሐኪሙ። «እነዚህ ገና ንጹሕ ናቸው። ሙሉ ለሙሉ ሲወጡ ጎድጓዳውን በማሸጊያ እንደፍነዋለን፤ መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ዛሬ ታች ወርዳችሁ የጥርስ ክፍሉ ያያትና ቀጠሮ ያዙላት።»

ፒንሳ ዘሎ ተነሣ። «እኔ እወስዳታለሁ!» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

ሚስቱ የትንሿን እጅ ያዘች። «አንተ እዚህ ቁጭ በል። ትልቋ ከነቃች ጀምሮ አንድ ነገር እየጠየቀችኝ ነው። የነገርካት አንተ ነህ፤ መልሱንም አንተው ስጣት።»

ወጡ። ሐኪሙም ተከትሏቸው ሄደ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ፣ አፏን ብዙ ሳትከፍት። «ሌላው ጥርሴ መቼ ነው የሚበቅለው?»

ይህ ሰው ለደንበኛ መልስ አጥቶ አያውቅም። «መጀመሪያ ከዚህ ድነሽ ትወጪና...» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ በሩ አየ። የሚስቅለት ሰው አልነበረም።

«አይበቅልም» አለ።

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ። ቋሚው እሱ ነበር።»

ልጅቷ በምላሷ ባዶውን ቦታ ዳሰሰች። አላለቀሰችም።

«ነርሷ እንደሱ ብላኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ላንተስ ይወድቃል ብሎ ማን ነገረህ?»

ፒንሳ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀበራቸው። «ማንም አልነገረኝም።»

 ከአልጋው አጠገብ ካለው ጆግ ውሃ ቀድቶ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋላት፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እማዬ ስትመጣ ትሰጠኛለች» አለች።