ፊቴን ያየ ምስክር ፍለጋ

ሐሙስ ንጋት፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ውስጥ ያለው ሰው ገና ጋቢውን ከራሱ አላወረደም። ረዳቱ “ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!” እያለ ይጮኻል። እኔ ከሾፌሩ ኋላ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ቦርሳው ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀቴና የሰርጌ ፎቶዎች አሉ። ለዚህ መንገድ የዳረጉኝም ፎቶዎቹ ናቸው።

ባለቤቴ ደሳለኝ የሚኖረው ካናዳ ነው። መጥቶ አገባኝ፤ ጥቂት ሳምንት አብረን ቆየንና ተመለሰ። እኔን ለመውሰድ ማመልከቻ ካስገባ ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን ከካናዳ ኢሚግሬሽን ኢሜይል መጣ፦ በላካችኋቸው ፎቶዎች ላይ የሙሽራዋ ፊት አይታይም፤ ሙሽራዋ አመልካቿ ራሷ ለመሆኗ ተጨማሪ ማስረጃ አቅርቡ ይላል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አለቀስሁ። እውነታቸውን ነው። ወላጆች ስለሌሉኝ ድግሱ የተደገሰው በእሱ ቤት ብቻ ነበር፤ የተዳርሁትም በእነሱ ደንብ፣ ከአናቴ እስከ ወገቤ ተከናንቤ ነው። ሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቁመታም ሰውዬ ከአንድ ነጭ ክምር ጋር ቆሟል። ቬሎ ለብሼ የምንነሳውን ፎቶ ካናዳ ስደርስ እንነሳለን ተባብለን ነበር።

“ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው” አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ። “የነገን አላውቅም።”

ወረታ

የፎገራ ሩዝ ቢጫ ሆኗል። ከመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል፤ ነጋዴዎቹ ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ይጨቃጨቃሉ። ታሪፉ ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ ጨምሯል፤ ረዳቱን ማንም አልተከራከረውም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቀለበቴን አይተው፣ “ባለቤትሽ የት ነው?” አሉኝ።

“ካናዳ።”

“ታድለሽ!”

ይህችን ቃል ጠግቤያታለሁ። መታደሌ ይህ ነው፦ ኔትወርክ ባለ ቀን ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ እኔ ራት እበላለሁ፤ እሱ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ እሱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እኔ ሳህኔን አጥባለሁ። ለሴትዮዋ ግን “እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ደብረ ታቦር

ከዓለም በር ከተማ በኋላ መኪናው ሽቅብ እያቃሰተ ወጣ፤ ጆሮዬ ተደፈነ። ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በቁሜ በላሁ። ሰርጋችንን ያነሳውን ፎቶግራፈር ፈልጌ ሱቁ ሄድሁ። አሁን ጫማ ይሸጥበታል፤ ልጁ አገር ለቋል አሉኝ። ፊቴ የሚታይበት አንድ ፎቶ እንኳ ቢኖረው ብዬ ነበር። በባጃጅ ወደ ባለቤቴ ቀዬ፣ ወደ ጋፋት ወጣሁ።

ጋፋት ማዶ

ባጃጁ ከመንገዱ ማለቂያ አውርዶኝ ተመለሰ። የባለቤቴ ሚዜ ጌታሁን ከገብስ ማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። በዚህ አገር ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድሟ ነው፤ ጌታሁንም ደሳለኝ ከሄደ ጀምሮ ወንድሜ ሆኖ ኖሯል። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ በእግር መንገዱ ወጣን፤ የመጣሁበትን ነገርሁት።

“ዋ እህቴ! ፊትሽን ሰው እንዳያይ ስጠብቅ የዋልሁት እኔ፤ አሁን ደግሞ አይቻታለሁ ብዬ ልመስክር?” ሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ተወው። “ነገ ሚካኤል ነው። ገበሬው አያርስም፤ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ላይ አይጠፉም። ቃላቸውን እንዲጽፍልሽ ለቀበሌው ጸሐፊ እነግረዋለሁ።”

ያደርሁት አማቴ ዘንድ፣ በሰርጌ ሰሞን በተኛሁበት መደብ ላይ ነው። አማቴ የልጃቸውን ጋቢ ደረቡልኝ። እሱን እሱን አይሸትም።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ጸሐፊ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ መጣ። ቄስ መርሻና ሁለት ሽማግሌዎች ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሦስቱም ሰርጌ ላይ በልተው ጠጥተዋል፤ የባረኩኝም ቄስ መርሻ ናቸው።

“የሰርጉ ዕለት ሙሽራዋ ይህች እንደነበረች አይታችኋል?” ብሎ ጠየቀ ጸሐፊው።

“አላየንም” አሉ ቄስ መርሻ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። “አባ! አንቱ አይደሉ የባረኩኝ?”

“የባረክሁትማ ሙሽራ ነው፣ ልጄ። ከነጠላው ሥር ማን እንዳለ በምን ዐውቃለሁ? መስቀል ይዤ ያላየሁትን አየሁ አልልም።”

ሁለቱ ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደህና አድርጌ መከናነቤን እያመሰገኑኝ።

“እኔ አይቻታለሁ!” አለ ጌታሁን ተነሥቶ። “በነጠላው ሥር ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ!”

“አንተ አንድ ሰው ነህ፤ ሦስት ምስክር ነው የሚያስፈልገው” አለ ጸሐፊው። አማቴ እጃቸውን ሲያወጡ ደግሞ ዘመድ አይቆጠርም አላቸው።

ቅጥሩን ተደግፌ ተቀመጥሁ። በገዛ ሰርጌ ላይ እንኳ ሰው የለኝም አልሁ በልቤ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቄስ መርሻ ሲያዩኝ ቆዩና ወደ ጸሐፊው ዞሩ። “ያየነውን ብንናገርስ ትጽፋለህ?”

“እጽፋለሁ፣ አባ።”

አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨመረበት ተናገሩ። ጸሐፊው ጽፎ ጨረሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦

“ይህች ሴት ባሏ ከሄደ ጀምሮ በየፋሲካው ወደ ባሏ ቤት ስትመጣ አይተናል። አማቷ ሲታመሙ አስታማለች። ለሀዘንም ለደስታም የመጣችው ብቻዋን ነው፤ የተመለሰችውም ብቻዋን ነው። ሌላ ወንድ ከእሷ ጋር አላየንም። የደሳለኝ ሚስት ብለን የምናውቃት እሷን ነው።”

“ብቻዋን የሚለው ቢቀርስ?” አልሁ። ማን ያነብብኛል ብዬ እንዳፈርሁ እንጃ።

“ያየነው እሱን ነው፣ ልጄ” አሉ ቄስ መርሻ፤ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጣታቸው ፈረሙ። ማኅተሙ ተመታ።

ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው አጠገብ ኔትወርክ አገኘሁ። ወረቀቱን በስልኬ አንስቼ ለደሳለኝ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። እያነበበ እንደሆነ በትንፋሹ ዐወቅሁ።

“ጥሩ ማስረጃ ነው” አለ በመጨረሻ። ቀጠለና፣ “ብቻዋን የሚለውን አንቺ ነሽ ያስጻፍሽው?”

“አይደለሁም። ሲያዩኝ ኖረው ነው።”

ዝም አለ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዝም ሲል ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራው እየጠየቅሁ ከዝምታው አወጣዋለሁ። ዛሬ አላወጣሁትም። ረዳቱ የባሕር ዳርን መንገደኛ ይጠራል፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ መኪናው ውስጥ ገባሁ።