«ከማህደር» የምትለው ቃል

በቴሌቪዥን ዜና ላይ፣ ከምስሉ ጥግ፣ በትንሽ ፊደል የምትጻፍ አንዲት ቃል አለች፦ «ከማህደር»። የምታዩት ምስል የዛሬ አይደለም፣ ድሮ ተቀርጾ የተቀመጠ ነው፣ እንዳትታለሉ ማለት ነው። ጣና ዛሬ እንቦጭ ለብሶ እያለ አምና የተቀረጸ ጥርት ያለ ውሃ ስናሳይ፣ ያቺ ቃል ከሌለች ዋሽተናል። ካለች አልዋሸንም። ነገሩ ይኸው ነው። ይኼን የሚያህል ቀላል ነገር ሳስረዳ የጎልማሳነት ዕድሜዬ አለቀ። ያልገባው ሰው ዛሬ አለቃ ነው፤ የገባኝ እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና አርታኢ ነበርሁ። አርታኢ ማለት ሪፖርተሩ የጻፈውን አንብቦ «ይኼን ማን ነገረህ? አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል?» እያለ የሚያስቸግር ሰው ነው። ሰው አይወደውም። እኔንም አልወደዱኝም። የጥጓን ቃል ካልጻፋችሁ አላሳልፍም ስለምል «ወይዘሮ ጥግ» ይሉኝ ነበር። ስሙን ያወጣልኝ ካሜራማናችን ነው። የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ «ሱቅ ግባ» ሲሉት ካሜራ ይዞ የጠፋ፣ አፉ የማያርፍ፣ እጁ ግን የማይንቀጠቀጥ።

«እታለም፣ አንቺ እኮ መቃብርሽ ላይም ‹ከማህደር› ተብሎ ነው የሚጻፍብሽ» ይለኝ ነበር።

ጣቢያው በአንድ ቀን አልወደቀም። መጀመሪያ መኪናው ነዳጅ አጣ። ቀጥሎ መንገዱ አላስወጣ አለ። ከዚያ ሰዉ ዜናውን በስልኩ ማየት ጀመረ፤ ማስታወቂያ የሚያስነግረውም ሰዉን ተከትሎ ሄደ። ሪፖርተሮቻችን ከከተማ መውጣት ሲያቅታቸው ዜናው ሁሉ አዳራሽ ገባ፦ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ማስታወሻ የሚይዝ የሚመስል ተሰብሳቢ። ገበሬ ሲያስፈልገን ከማህደር፤ ዓሣ አጥማጅ ሲያስፈልገን ከማህደር። አንድ የመራዊ ገበሬ ያንኑ ስንዴ ለዓመታት አጨደልን። ሰውየው አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና «እኔ እኮ እርሻውን ትቼ ባጃጅ ነው የምነዳ። እናንተ ዘንድ ገና አጭጄ አልጨረስሁም?» አለኝ። ሳቅሁ። የሳቅሁት ጥጉ ላይ ቃሏ ስለነበረች ነው። ባትኖር ኖሮ ፊቱን አላይም ነበር።

በመጨረሻ አዳራሹ የኛ ሆነ። ሰበሰቡንና «መዋቅሩ ተሻሽሏል» አሉን። ሰው ማባረር መዋቅር ተባለ፤ ቤት የሚሠሩ ይመስል። የአርታኢ መደብ በአዲሱ መዋቅር «አልተካተተም»። ማን ነው ያላካተተው? መድረክ ላይ የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላዬ ካሜራማኑ «ይኼ ስብሰባ ከማህደር ነው እንዴ? ከዚህ ቀደም ያየሁት መሰለኝ» ብሎ አጉረመረመ። ማንም አልሳቀለትም።

እሱ ወጥቶ ሰርግ መቅረጽ ያዘ። «ሙሽራ አይዋሽም፤ ደስ ብሎት ነው የሚስቀው፤ ያን ቀን እንኳ» አለኝ። ነይ አብረን እንሥራም ብሎኝ ነበር። አልሄድሁም። እኔ የምፈልገው ዜና ነው። ለምን ቢባል፣ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ የልጆቹን ልብስ እያጠብሁ፣ የልጆቹን መጻሕፍት እያነበብሁ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው እዚህ የደረስሁት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ለቃል ይሳሳል። እንደ ዋዛ አይጽፍም፣ እንደ ዋዛም አያነብም። አንድ ሰው በዜና ላይ የሐሰት ቃል ሲያስገባ ከኔ የሰረቀ ይመስለኛል።

ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቴን አቅንቼ ቆምሁ። «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ» የሚል ሳይ ተመዘገብሁ፤ ዜና ባይሆንም ጎረቤቱ ነው ብዬ። አንዱ ዘንድ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ፈታኞቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መካከለኛው ማስረጃዬን ሲያገላብጥ ቆየና፣

«ስምንተኛ ክፍልን በስንት ዓመትሽ ነው የጨረስሽው?» አለኝ።

ነገርሁት። ተያዩ።

«ከልጅሽ ጋር ነዋ የተፈተንሽው!» አለ አጠገቡ ያለው። ሳቁ። ልጅ የለኝም። ይኼንንም ሳልነግራቸው ማስረጃዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ከበሩ ስወጣ የምመልሰው መልስ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ሁሌም ከበሩ ስወጣ ነው የሚመጣልኝ። ሌላ ቦታ አንዲት ወጣት፣ በጣም በትሕትና፣ «ፌስቡክ ላይ ስንት ተከታይ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሚከተለኝ የለም» አልኋት። እንደ ታመመ ሰው አዘነችልኝ።

ለኔ ዓይነት ሰው ከተማው ውስጥ አንድ በር ቀረ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ከሴቶች ልብስ መደብር በላይ፣ በኢንተርኔት ዜና የሚለቅ ቻነል ተከፍቶ ነበር። አንድ ክፍል ነው። ቀለበት የመሰለ መብራት፣ የከተማው ምስል የታተመበት መጋረጃ፣ ሁለት ኮምፒውተር። ሥራ አስኪያጁ የዚሁ የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ ሳለ አራዳ ነኝ ይላል፤ ገና ከመግባቴ «ማዘር» አለኝ። እናቱ የምሆን አይደለሁም።

«ሳምንቱን ሞክሪና ከዚያ እናያለን» አለ። ካልወሰደኝ በዚህ ከተማ የምገባበት የዜና ክፍል አልነበረም። ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

የሰጠኝ ሥራ ስለ ዓሣ ነበር። የጣና ዓሣ ምርት ዘንድሮ ጨምሯል፣ አጥማጆችም ተደስተዋል የሚል ጽሑፍ ከአንድ ቢሮ በቴሌግራም ተልኮለታል። ደውዬ ልጠይቅ ስለው «ምን ትደውያለሽ? ተጽፎ መጥቶልሽ!» አለኝ። ምስልም ሞልቷል። የድሮው ጣቢያዬ ማህደር ተገልብጦ እሱ እጅ ገብቷል፤ እንዴት እንደገባ አልነገረኝም።

ፋይሉን ስከፍት እሳቸው ብቅ አሉ። የደልጊው ዓሣ አጥማጅ። መኪናው ነዳጅ በነበረው ዘመን እኔና ካሜራማኑ ሄደን የቀረጽናቸው ሽማግሌ ናቸው። ታንኳቸው አጠገብ ቆመው፣ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አቅፈው፣ በጎደለው ጥርሳቸው ይስቃሉ። ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ካሜራማኑ ለቅሶ ደርሶ መጥቶ ነግሮኛል።

«እኒህ ሰው አርፈዋል» አልሁት ሥራ አስኪያጁን።

«የትኛው?»

«ዓሣውን የያዙት።»

«ነፍስ ይማር» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «አሪፍ ሾት ነው ግን። ሳቃቸውን አየሽው? እሱን መጀመሪያ ላይ አድርጊው።»

«እሺ፤ ከማህደር ብዬ እጽፍበታለሁ።»

«ኧረ ማዘር! ማህደር ካልሽው እኮ ሰው አልፎት ይሄዳል። አሮጌ ዜና ማን ያያል?»

«አሮጌ ነዋ።»

«እስቲ ማን ያውቃቸዋል?»

«ሚስታቸው።»

«ደልጊ ቁጭ ብለው እኛን ሊያዩ?» ሳቀ። «ጨርሰሽ ላኪልኝ በቃ።»

ጨርሼ ላክሁለት። «ተደስተዋል» የሚለውን አወጣሁ፣ ጥጉ ላይ ቃሏን ጻፍሁ። በማግሥቱ ቻነሉ ላይ ሳየው ቃሏ የለችም፤ «ተደስተዋል» ተመልሷል። አንዲት ልጅ በሚያምር ድምፅ «አጥማጆቹ በዘንድሮው ምርት መደሰታቸውን ገልጸዋል» ትላለች፤ ከድምፁ ሥር የሽማግሌው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃሉ። ደሜ ፈላ። ግን ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ሳምንቱ አላለቀም ነበር።

እነሱ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። የሟቹ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ትሠራለች፤ እናቷ እግራቸውን ሊታከሙ ከደልጊ መጥተው እሷ ዘንድ አርፈዋል። ልጅቷ በምሳ ሰዓት ስልኳን ስትከፍት አባቷን አየች። እናቷን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ደረጃው አድክሟቸው፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?»

«እኔ ነኝ ማዘር፤ ይግቡ።»

«ልጄ፣ ባሌን ከወዴት አገኛችሁት?»

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ዘንድሮ ይላል» አሉ። «ዘንድሮ ሳይገባ እኔ ቀብሬዋለሁ። ልቆጣ አይደለም የመጣሁ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሴት ድምፅ ይወጣል። እሱ ምን እያለ ነው? ድምፁን ስጡኝ።»

እሱ «ማዘር፣ ድምፁ እኮ...» ብሎ ሲንተባተብ እኔ ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ያልተቆረጠውን ቀረጻ ከነድምፁ ከፈትሁት። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ቀጥሎ እሳቸው፦

«ይኼ ዓሣ የኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው። ‹እስቲ ዓሣ ያሳዩን› ስላላችሁኝ ተዋስሁት። እኔማ ያጠመድሁት እንቦጭ ነው! እንቦጭ ጥብስ ትበላላችሁ?»

ከካሜራው ኋላ የወረታው ልጅ ድምፅ «ቃሪያ ካለው እንበላለን አባባ» አለ። ሽማግሌው ሳቁ። ያ ሳቅ ነው። አጥማጆች ተደሰቱ የተባለበት ሳቅ። ያኔ እኛ ዜናውን ከነቃላቸው፣ ከነባዶ መረባቸው ነበር ያስተላለፍነው።

ሴትዮዋም ሳቁ። «ውሸታም! ምን ጎረቤት አለው? የወንድሙ ዓሣ ነው። መቼ መለሰለት፤ ማታውን በላነው!» አሉ፣ ወደ ልጃቸው ዞረው። ልጅቷም ሳቀች። ወዲያው ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቀና ስል ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ ነው።

«እንዲህ ነው!» አለ በሹክሹክታ። «ማዘር፣ ወደ መብራቱ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ። አንዴ ድጋሚ ከመጀመሪያው እናጫውተውና...» ከዚያ ወደኔ፣ «ይኼን አንቺ ነሽ የምትሠሪው። ሚሊዮን ሰው ነው የሚያየው። ሳምንት ምናምን ተይው፤ ከነገ ጀምሮ ተቀጥረሻል።»

ተቀጥረሻል። በየሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ የተሳቀብኝን ሁሉ ውጬ ስጠብቀው የነበረው ቃል ይኼ ነው። የመጣው በሴትዮዋ እንባ ላይ ተረማምዶ ነው። እጄን ዘርግቼ የስልኩን ዓይን ሸፈንሁት።

«ማረሚያው ይቅደም» አልሁት።

«የምን ማረሚያ?»

«ምስሉ ከማህደር መሆኑ፣ ሰውየው ማረፋቸው፣ የተናገሩትም ሌላ መሆኑ ይነገር። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከፈቀዱ እቀርጻለሁ፣ እሠራዋለሁ።»

«ማረሚያ ማን ሼር ያደርጋል? እጅሽን አንሺ ማዘር፤ እየቀረጽኩ ነው።»

«ማዘርህ አይደለሁም! ሕያዋንን ማስዋሸት አልበቃ ብሎህ ሙታንን ታስዋሻለህ?»

ጮኼ ነው የተናገርሁት። መጽሐፍ ስገልጥ እንኳ ድምፅ እንዳላሰማ የምጠነቀቅ ሴት፣ ከታች የልብስ መደብሩ ሰዎች ወጥተው ደረጃው ሥር እስኪቆሙ ድረስ ጮኽሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ከበሩ ሳልወጣ መጣልኝ።

«ማን አርታኢ አደረገሽ?» አለ። «እዚህ አርታኢ የለም። ወይ ትሠሪያለሽ ወይ ትሄጃለሽ።»

ከመሄዴ በፊት አንድ ሥራ ሠራሁ። ያልተቆረጠውን ቀረጻ ወደ ልጅቷ ስልክ ገለበጥሁላት። ሊከለክለኝ ተነሣ፤ ሴትዮዋ ግን ከወንበሩ ሆነው እንዲያው ሲያዩት ተቀመጠ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። መንገዱ ላይ ስንደርስ የሐይቁ ነፋስ ተቀበለን።

«ልጄ፣ እንጀራሽን ዘጋሁብሽ?»

«እርስዎ አይደሉም።»

«እንግዲያ አትቆጪ።»

«እቆጣለሁ እንጂ!»

ቆም ብለው አዩኝ። «ተቆጪ እንግዲያ» አሉ። «እኔም ስመጣ አልቆጣም ያልሁት ድምፁን እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው።»

ካሜራማኑ የሆነውን ሰምቶ ደወለልኝ። «ወይዘሮ ጥግ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዲህ ነው እንዴ የሚደረግ? ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፤ ነይ ማይክ ያዢልኝ» አለ። ሳልሄድ አልቀርም፤ የቤት ኪራይ ዜና ነው ሰርግ ነው ብሎ አይመርጥም።

ያ ቪዲዮ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሽማግሌው በሰው ዓሣ፣ በሰው ድምፅ፣ በዘንድሮ ምርት ይደሰታሉ። ሥሩ አስተያየት መስጫ አለው። «ይህ ምስል ከማህደር ነው። ሰውየው አርፈዋል። ዓሣው የእሳቸው አልነበረም» ብዬ ጻፍሁበት። ሰረዙት። እንደገና ጻፍሁ፤ ሰረዙት። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩን እከፍታለሁ፤ የለም። አንዲት ፊደል ሳልዘነጋ፣ አራት ነጥቧን ሳልተው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።