እማማ ዘሀራ ያልጠሩት ስም

ሰሞኑን የልጅ ልጅ አየሁ። ዓይኑ ግራጫ ነው። ደሴ ቤታችን ድረስ ሊጠይቁ የሚመጡ ጎረቤቶች ሁሉ ጎንበስ ብለው ያዩትና «ይቺ ዓይን ደግሞ ከየት መጣች?» ይላሉ። ከፈረንሳዊው አያቴ እንደመጣች አውቃለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም።

አያቴ በጅቡቲ በኩል ገብቶ ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ ይነግድ ነበር አሉ። ሲሰልም ሼሁ አብዱላሂ ብለው ሰየሙት፤ ከአገሩ ይዞት የመጣው ስምና የቤተሰቡ መጠሪያ እዚያው ተረሳ። አባቴ ሁለቱንም ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ ደሴ አጎቱ ዘንድ አደገ። የሰፈር ልጆች የአባቱን ስም ሲጠይቁት «አብዱላሂ» ይላቸዋል፤ እነሱም «የሰለመ ፈረንጅ ሁሉ አብዱላሂ ነው፣ ዋናውን ንገረን» እያሉ ይስቁበታል። ይህ ነገር እስከ ሽምግልናው ድረስ ከሆዱ አልወጣም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ በጠና ታመመ። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ተነሣ።

«ኮምቦልቻ ውሰጂኝ፣ ልጄ። እማማ ዘሀራ ሳይሞቱ፣ እኔም ሳልሞት።»

እማማ ዘሀራ የአያቴ ሁለተኛ ሚስት ናቸው። ያንን ስም የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ለምን እንዳልጠየቃቸው እንጃ፤ የእናቱን ቦታ የያዙ ሴት ደጅ መቆም ከብዶት ይሆናል።

በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ቆላው ሲሞቀን ጋቢውን አወለቀ። መንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዛሁለት። ጥቂት ፈልፍሎ ቀመሰና መለሰልኝ። እሸት የሚወድ ሰው ነበር፤ እንደማይተርፍ ያኔ ገባኝ።

እማማ ዘሀራ የማሽላ ቂጣ በወተት አቀረቡልን። አባቴ ሳይነካው ጠየቃቸው።

«እናቴ፣ የአባቴን የፈረንጅ ስም ይንገሩኝ።»

«ያ ረቢ! የባሌን ስም ልጥራ?»

በዚያ ዘመን በእኛ ዘንድ ሴት የባሏን ስም መጥራቷ ነውር ነበር። «የቤቱ ጌታ» ትለዋለች፣ ወይም በልጇ ስም «የእገሌ አባት» ትለዋለች።

«እሱ ሞቷል፣ እናቴ። እኔም መሄዴ ነው» አላቸው።

የእማማ ዘሀራ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ እንባቸው መጣ።

«ወላሂ አልደበቅሁህም፣ ልጄ። ነጋዴዎቹ በር ላይ ሆነው ሲጠሩት እሰማ ነበር። ባፌ ብዬው አላውቅ፣ ከየት ላምጣው? ጠፋኝ።»

አባቴ እጃቸውን ሳመ። «ምንም አይደል፣ እናቴ» አላቸው። ስንመለስ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስከ ደሴ አለቀሰ። ጥቅምት ሳያልቅ ቀበርነው።

ያንን ልማድ ለዓመታት ረገምኩት። ከዚያ እኔም አገባሁ፤ ተምሬያለሁ የምል ሴት ባሌን «የልጆቼ አባት» እያልኩ ኖርኩ። እሱም ካለፈ ቆየ።

ትናንት እንግዶቹ ሲሄዱ ሕፃኑን ታቅፌ በሩን ዘጋሁ።

«ይመር» አልኩት በጆሮው። «አያትህ ይመር ይባላል።»

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሕፃኑ በዚያ ግራጫ ዓይኑ አየኝና መልሶ ተኛ። ይመር ግን ስሙን ከአፌ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማው ሞተ።