«መጣሁ» የሚል ኮምፒውተር

ኮሌጃችን የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህሉ ኮምፒውተሮች ሲያመጣ መምህራኑ ሁሉ አኮረፉ። «ይሄ ኮምፒውተር ሳይሆን የኮምፒውተር ሽታ ነው» ተባለ። ሁሉም ሲጠላቸው የመውደዱ ዕጣ ለእኔ ወደቀ፤ ልማዴ ነው። እርግጥ ሳጥኖቹ ውስጥ ምንም የለም። የምንጽፈው ሁሉ ያለው በዋናው ሕንፃ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ እኛ ፊት ያለው መስኮቱ ብቻ ነው።

ሰርቨሩን የሚጠብቀው ቴክኒሺያን አሠራሩን ያስረዳን እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ሎግ አውት ካላችሁ ‹ደህና ሁኑ› ብላችኋል፤ ሁሉን እዘጋለሁ። መስመሩ ከተቋረጠ ግን ‹መጣሁ› ብላችሁ እንደወጣችሁ ነው፤ ወንበራችሁን አላነሳም።» እየሄደ «መጣሁ» ለሚል ሕዝብ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አስተዳደሩ ግን ሰርቨሩ ይጨናነቃል እያለ፣ የተቋረጠው ሁሉ ወዲያው እንዲዘጋ ይወተውተዋል። እሱም «እሺ» ይላል፤ አይዘጋም።

አንድ ጠዋት፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከትውልድ ቦታዋ ከዶዮገና መጣች። አባቷ አርፈው ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። ለቅሶው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላት ፈለገች። የአገሯ ሽማግሌዎች በከምባትኛ የነገሯትን ወደ አማርኛ እየመለሰች ትነግረኛለች። ስታለቅስ አቆማለሁ፤ ስትቀጥል እቀጥላለሁ። ሴቭ ማድረግ ማን ትዝ ይለዋል? ልንጨርስ ስንል መብራት ጠፋ።

«ጠፋ እንዳትለኝ» አለች። «ደግሜ መናገር አልችልም።»

እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ገጹማ ይጻፋል፤ ያን ሁሉ ግን እንዴት ሁለቴ ከአፏ ይወጣል? ቴክኒሺያኑ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሴቭ አላደረጉም? መጽሐፍ ማንበብ ብቻ!»

«አሁን ስድብ ነው ወይስ ሥራ?»

«ሁለቱንም እችላለሁ። ሰርቨሩ በባትሪ እየሠራ ነው። ላይብረሪው ጄኔሬተር አለው፤ እዚያ ሄደው በራስዎ ስም ይግቡ።»

ግቢውን አቋርጠን ላይብረሪው ደረስን። የይለፍ ቃሌን ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ገባሁ። ገጹ እንደተውነው ተከፈተ፦ «የሰው አጥር ወድቆ ካዩ ሳያቀ» ይላል፤ ከፊደሏ አጠገብ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።

«‹ኑ› በል» አለች፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «‹ሳያቀኑ አያልፉም ነበር›።» ከዚያ ሳቅ አመለጣት። «ስንመጣ ትዝ አለኝ። በድንበር አብሮት የተካሰሰውን ጎረቤታችንን አጥር እንኳ አቅንቶለታል። እያቀና ይሳደብ ነበር።»

«ስድቡንም ልጻፈው?»

«ጻፈው። አባዬ እንደዚያ ነዋ።»

ለማሽን ምስጋና የሚያቀርብ ሰው ያስቀኛል፤ እኔም አላቀረብኩም። «እሺ» ብሎ ያልዘጋውን ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ አለቃውን አለመታዘዙ አንዲትን ሴት ሐዘኗን ከመድገም አዳናት።

ከሰዓት ዶዮገና ላይ ታሪኩ ሲነበብ፣ አጥሩ ጋ ሲደረስ አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ «የእኔ አጥር ነው» አሉ። «ስድቡ ግን ተቀንሷል።»