አስራ አንደኛዋ ተጫዋች

ከአገሬ የወጣሁ ማታ፣ ቦሌ በር ላይ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ሲላቀስ፣ ባለቤቴ ሜሮን ሻንጣዬን ከፍታ ካልሲዎቼ መሃል የቴኒስ ኳስ ትወሽቅ ነበር። ኳሱን በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ በአዲስ መልክ ጠቅልላዋለች፤ ወገቡ ላይ ደግሞ ቴፑን ደራርባ እንደ ስፌት አድርጋዋለች። "ምን ላደርገው ነው?" ብላት፣ "ትጫወትበታለህ፤ የሚያጫውትህ ካጣህ ትመልስልኛለህ" አለችኝ። እናቴ በሌላ በኩል "በሶው ተጨፈለቀ!" ብላ ትቆጣለች። እናም በደንብ ሳልሰናበት፣ ለቅሶና ጭቅጭቅ ተደባልቆብኝ ገባሁ።

እንግዲህ የኳሱን ነገር ካልነገርኳችሁ ሌላው አይገባችሁም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስንማር ሚስተር ናያር የሚባል ህንዳዊ አስተማሪ ነበረን። በሳምንቱ ቀን ስለ ሙቀት ያስተምረናል፣ ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ሙቀት ውስጥ ክሪኬት ያጫውተናል። ክሪኬት ማለት ምን መሰላችሁ፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ እንጨት እየመታ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት ዱላዎች ይጠብቃል፣ የቀረው ክርክር ነው። ወርዋሪም ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣኑ ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ ያስወነጭፋል። ስፒነር የሚባለው ግን ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ ይመጣና ኳሷን በጣቱ ያሽከረክራታል፤ መሬት ስትነካ ወዳላሰባችሁት ትታጠፋለች።

እኔ ፈጣን ነበርኩ። ሜሮን ስፒነር። የተዋወቅነው እንጨቴን አንስቼ ኳሷን እስከ ጫሞ ሐይቅ ልልካት ስቋምጥ ኳሷ በጎኔ ዞራ ዱላዎቹን የጣለቻቸው ቀን ነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብላኝ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ተከትያት ኖርኩ።

ችግሩ ዲቪው ነው። ስሞላው ላጤ ነበርኩ፣ የተጋባነው ደግሞ ቪዛዬ ከወጣ በኋላ ስለሆነ በእኔ ወረቀት መምጣት አልቻለችም። እዚህ ደርሼ ፋይል ልከፍትላት፣ እሷም ወረፋ ልትጠብቅ ተስማምተን ተለያየን።

ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ አንድ ፈታሽ ኳሱን ከካልሲው አወጣው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የክሪኬት ኳስ።"

"ከህንድ ነው የመጣኸው?"

"ከኢትዮጵያ።"

"ኢትዮጵያ ውስጥ ክሪኬት ይጫወታሉ?"

"እኔና ጥቂት ጓደኞቼ እንጫወት ነበር። አሁን እኔም ወጣሁ።"

ኳሱን አሸተተው፣ ነቀነቀው፣ ጆሮው ላይ ሁሉ አደረገው። ከዚያ በሶውን አየና ኳሱን ረሳው። የተጠበሰ ገብስ ዱቄት መሆኑን ለማስረዳት የጨረስኩትን እንግሊዝኛ እስካሁን አልተካሁትም።

ያረፍኩት ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል፣ የአክስቴ ልጅ ብሩክ ቤት ነው። ሶፋው ላይ። ኦክላንድን በሐምሌ ያያት ሰው ካሊፎርኒያ ሙቅ ነው ያለውን ሁሉ ይታዘባል፤ የአርባ ምንጭ ልጅ በሐምሌ በጃኬት ተኛሁ። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ከዚያ ጨርቅ ይባል የለ? ብሩክ ግን ጨርቅ እስክሆን ድረስ በትዕግሥት ያዘኝ። በመጨረሻ ሚስቱ ፀነሰችና አንድ ጠዋት ወደ ሥራው፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ወዳለችው ዳብሊን ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆመ።

"ስማ፣ ቤቢው ሲመጣ ስፔስ አይኖረንም። እንዳትቀየመኝ። ሩም ሰርች ማድረግ ጀምር፤ ሬፈረንስ ካሉህ እኔን ስጣቸው።"

አልተቀየምኩም። ሩም ሰርች አደረግኩ። ኤመሪቪል ያገኘኋት አከራይ "ክሬዲት አለህ?" አለችኝ። "የማንም ዕዳ የለብኝም" አልኳት በኩራት። "ችግሩ እሱ ነው" አለችኝ። ለካ እዚህ ተበድሮ የመክፈል ታሪክ የሌለው ሰው አይታመንም። አገሬ ቢሆን ልጇን ትድርልኝ ነበር።

ሥራዬ ሳን ሆዜ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ስለሆነ እዚያው አካባቢ ፈለግሁ። እንዲህ ነው አንክል ፕራካሽና አንቲ ሱማ ዘንድ የደረስኩት። ጡረታ የወጡ የህንድ ባልና ሚስት ናቸው፤ ጋራዣቸውን ክፍል አድርገው ያከራያሉ። አንክልና አንቲ እኛ ጋ ጋሼና እትዬ እንደማለት ነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እኔ እንደገባኝ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

"ውሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነው" አሉኝ አንክል ፕራካሽ።

"እሺ። ግን ሚስት አለችኝ።"

"የት?"

"አርባ ምንጭ። ወረፋ እየጠበቀች ነው።"

"ስትመጣ ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ። እኔ አንድ ሰው ብያለሁ።"

ፈረምኩ። ምን ላድርግ? ለሜሮን ደውዬ "ቤት አገኘሁ" ስላት፣ "ስንገባበት መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን?" አለችኝ። ክፍሉ የእሷ እንዳልሆነ በዚያው ስልክ ነገርኳት። "መጋረጃ መምረጡ ቀረልኝ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ቀለለ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዕቃዬን ሳስገባ ኳሷ ከካልሲው ወድቃ ግቢው ውስጥ ተንከባለለች። አንክል ፕራካሽ በጫማቸው አስቆሟት፤ አነሷትና ስፌቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄን ማን ጠቀለለው?"

"ሚስቴ።"

ኳሷን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። የዚያን ዕለት እራት ተጠራሁ።

እራቱ ዶሳ ነበር። ዶሳ የእኛን እንጀራ አሳስታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዓይኑን ብትነፍጉት ማለት ነው፤ እርሾው ግን ያገር ልጅ ነው፣ አፌ ላይ አወቅሁት። ማቀዝቀዣቸው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አስራ አንድ ሰው የሚይዘው የዘመናት ምርጥ የክሪኬት ቡድናቸው ነው። በቴሌቪዥን የሚታይ ታዋቂ ሰው እንዳይመስላችሁ! የአንክል ሕግ ጥብቅ ነው፤ የዚህ ቤት ሰው በገዛ ዓይኑ ሲጫወት ያላየው አይገባም። ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ የልጅነት ከተማቸው የባቡር ጣቢያ ሹም አለ፣ ፍሪሞንት የሚኖር ጥርስ ሐኪም አለ፣ የአንቲ ሱማ ወንድም አለ። አስር ሰው ሞልቷል። አስራ አንደኛው ቦታ እኔ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ባዶ ነበር።

ምክንያቱም ባል ፈጣን ወርዋሪ ይጨመር ይላሉ፣ ሚስት ስፒነር።

"ሦስት ፈጣኖችና አንድ ስፒነር ይዘሃል" አሉ አንቲ ሱማ። "ሜዳው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ኳሱ መታጠፍ ሲጀምር ምን ልታደርግ ነው?"

"ሜዳው እስኪሰነጣጠቅ ማን ይጠብቃል? ፈጣኖቹ ቀድመው ይጨርሱታል።"

"ሳይጨርሱ ደክሟቸው ሲቀመጡ አይቻለሁ። አንተንም ጭምር።"

ከዚያ ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነው ተብሎ ዳኛ ተደረግኩ። እኔ ዶሳዬን ይዤ ተጨነቅሁ። ለባል ባደላ ሚስት ናቸው የሚያበሉኝ፣ ለሚስት ባደላ ባል ናቸው ውሉን የሚያድሱት። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ፈጣን ስለሆንኩ ልቤ ለአንክል ነበር። ግን ኳሷ ከጠረጴዛው መሃል፣ ከኮምጣጣው ማንጎ አጠገብ ተቀምጣ ታየኛለች።

"አንድ ስፒነር አውቃለሁ" አልኩ።

"ማን?" አሉ በአንድ አፍ።

"ሚስቴ።"

አንክል ፕራካሽ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ሴት ናት ማለት ነው?"

አንቲ ሱማ አፍጥጠው አዩዋቸው።

"እኔ ምን አልኩ? ሚስት ከሆነች ሴት ናት፣ እሱን ማረጋገጤ ነው" አሉ አንክል ቶሎ ብለው። ከዚያ መረመሩኝ። አንዳንድ ጠያቂ አለ፣ ኢሚግሬሽን ገር ነው ያስብላል። የት ሜዳ? መሬቱ ምን ዓይነት? ኳሷ ወደየት ነው የምትታጠፈው? ስንቱን መቺ ከጨዋታ አሰናበተች? እኔም አንድ በአንድ መለስኩ። ቀይ አፈር፣ በበጋ የሚሰነጠቅ። ወደ ቀኝ የምትሄድ መስላ ወደ ግራ የምትታጠፍ። ሚስተር ናያርንም ጭምር አሰናብታለች። አልፎ አልፎ ከጫካው የሚወጣ ዝንጀሮ ኳሱን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለመቺው አራት ነጥብ እንሰጣለን።

"ለምን አራት?"

"ስድስት ብንሰጥ ሰው ሁሉ ዝንጀሮ መቀለብ ጀመረ።"

አንክል ፕራካሽ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ይሄንን ሰው ፈጥሮ አያወራውም" አሉ። ቀጥሎ ግን ፊታቸውን አጠነከሩ። "ሕግ ሕግ ነው። የዚህ ቤት ሰው በዓይኑ አላያትም።"

"እኔ አይቻታለሁ" አልኩ።

"አንተ ተከራይ ነህ።"

አንቲ ሱማ ሰሃን ያነሱ የነበሩት ቆም አሉ። "ሲከፍል ከቤታችን ነው የሚኖረው፤ ሲመሰክር ነው ከውጭ የሚሆነው? አስር ዓመት ሙሉ የጠየቅኩህን ስፒነር ይሄ ልጅ በአንድ እራት አመጣልኝ። የቤቱ ሰው ነው።" ሰሃኖቹን ይዘው ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። "ደግሞስ፣ የዘመናት ምርጥ ቡድናችን ተጫዋች ከዚያ ሁሉ አገር ስትመጣ የት ልታድር ነው? መንገድ ላይ?"

ዶሳዬን ማላመጥ አቆምኩ፤ ከዳኝነት ወደ ተከሳሽነት የተዛወርኩ መሰለኝ። ክፍሉን ራሱን እንዳላጣው ፈራሁ። አንክል ፕራካሽ ኳሷን አንስተው እንደገና በአውራ ጣታቸው ስፌቷ ላይ ሄዱና "ደህና እደር" ብቻ አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም። እሁድ መናፈሻው ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ግን ይዘውኝ ሄዱ፤ በሜሮን ኳስ ተጫወትን። ወደ ቤት ስንመለስ ውሉን አውጥተው "አንድ ሰው" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙና "ባልና ሚስት" ብለው ፈረሙበት። ከዚያ ማቀዝቀዣው ዘንድ ሄደው አስራ አንደኛው መስመር ላይ ስሟን ጻፉ። በእርሳስ።

"ለምን በእርሳስ?" አልኳቸው።

"እኔ በዓይኔ ሳያት በቀለም እጽፈዋለሁ። መቼ ነው የምትመጣው?"

"አላውቅም። ፋይሉ ገና በሂደት ላይ ነው ይሉኛል።" አፈርኩና ፊቴን ወደ ማቀዝቀዣው አዞርኩ።

አንቲ ሱማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ስፒነር መጀመሪያ ተጠርታ አታውቅም፣ ልጄ። አዲሱ ኳስ የፈጣኖቹ ነው። ኳሱ ሲያረጅ፣ ቆዳው ሲሻክር ነው የእሷ ተራ። አሁን አንተ ፈጣኑ ቀድመህ መጣህ፤ እሷ ትከተላለች።" እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጋራዡ ውስጥ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ መጋረጃ ለካሁ።

እዚህ ሲመሽ አርባ ምንጭ ይነጋል። ደወልኩላት። ክፍሉን ነገርኳት፣ እልል አለች። ቡድኑን ነገርኳት፤ ከጣቢያ ሹሙና ከጥርስ ሐኪሙ ጋር መመደቧን ስትሰማ "አምበሉ ማነው?" ብላ ጠየቀች፣ አንክል መሆናቸውን ስትሰማም "እስቲ እናያለን" አለች። እኔም የአንቲ ሱማን ቃል እንደ ስጦታ አድርጌ አቀረብኩላት። አዲሱ ኳስ የፈጣኑ፣ ያረጀው የስፒነሯ።

ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ኳሴ የት ነው?" አለችኝ።

"መስኮቱ ላይ። ከፊቴ ነው።"

"ቴፑ እንዴት ሆነ?"

አነሳሁት። የዚያን ዕለት ስንጫወትበት ውለን ቴፑ ተልጧል፣ ስፌቱ አልቋል፣ ባንድ ጎኑ ቢጫው ፀጉር ወጥቷል። የሆነውን ነገርኳት።

"እንግዲያውስ አርጅቷል'ኮ" አለች ሜሮን። "ታዲያ ለምን አይጠሩኝም?"