ሙሉ ክኒን

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ እዚያው ሱቅ ልብስ እተኩሳለሁ። ስለ እሷ ትንሽ ልጻፍ ብዬ ነው፤ እንግዲህ እንደሆነ ይሁን።

ሱሪ ስትገጥም እጇን ማየት ነው። ግን የሚጥል በሽታ አለባት። አንዴ የስፌት መኪናው ላይ እንዳለች ጣላትና መርፌው ጣቷን በሳት። ባለሱቁ፣ ጋሼ፣ ከመኪናው አንስተው ጥግ ላይ ቁልፍ ትከዪ አሏት። የሱቁ ደንብ ነው፤ የወደቀ ሰው ሕመሙ ካልተወው መኪና አይነካም።

በቦታዋ ማን ተቀመጠ? ቀጭኗ የምንላት የሱቁ ሌላዋ ሰፊ። እሷም ያው ሕመም ነበረባት፣ እሷም ቁልፍ ስትተክል ከርማለች። መድኃኒት ጀመረችና ተሻላት።

ባለቤቴን ቅናት አንገበገባት። "እያት፣ በእኔ ወንበር ስትንቀባረር! ፔዳሉን እንኳ በወግ አትረግጥም" ትለኛለች። ቀጭኗ ብትስቅ በእሷ ነው፤ ዝም ብትል ኮርታ ነው።

የቀጭኗ ሐኪም ለባለቤቴም ያንኑ መድኃኒት አዘዘላት። "በግማሽ ትጀምሪያለሽ፤ ቀስ እያልን እንጨምራለን። ሽፍታ ካየሽ ግን አቁመሽ ያኔውኑ ነይ" አላት። በእሷ ጆሮ የገባው ግማሽ የሚለው ብቻ ነው።

"አንቺ ስንት ነው የምትውጪው?" አለቻት ቀጭኗን፣ እንደ ዋዛ።

"ሙሉ፤ ጠዋትም ማታም።"

ቤት ስንገባ በእኔ ላይ መጣች። "እሷ ሙሉ፣ እኔ ግማሽ? በምኗ ትበልጠኛለች?"

"እሷም በግማሽ ጀምራ ይሆናላ።"

"አንተ ደግሞ ጠበቃዋ ነህ?" አለችኝ።

ለካ ከማግስቱ ጀምሮ ሙሉ ሙሉውን ትውጥ ኖሯል።

ትንሽ ቆይቶ ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው አለች። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳ፣ አፏን በሻርፕ ጠምጥማ ሥራ ገባች። ቀጭኗ ሸሚዝ ልታቀብላት ጎንበስ ስትል አየቻት።

"እናትዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"ምን አገባሽ?"

ቀጭኗ ሻርፑን ገለጠችው። ከንፈሯ ውሃ ቋጥሮ ተልጧል። እጅጌዋን ብትሰበስበው ክንዷ ሁሉ ሽፍታ ነው።

"ክኒኑ ነው! ኧረ ክኒኑ ነው፣ እንዳትውጪው!"

"አዎ፣ ላቁምልሽ! መኪናው እንዲቀርልሽ!"

ቀጭኗ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና "ምን ትገተራለህ? ተሸከማት!" ብላ ጮኸችብኝ።

ሆስፒታል እንደገባን ቆዳዋ እሳት እንደነካው ሰው ይላጥ ጀመር። ምራቋን መዋጥ አቃታት። ዓይኗም እንዳይጠፋ ፈርተው በላይ በላዩ ጠብታ ያደርጉላታል። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይቆጣል፤ መጠኑን ባንዴ መዝለል ደግሞ ያባብሰዋል አሉኝ። እተርፋለሁ ብላ ታስብ እንደሆነ እንጃ። ዝም ብላ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዝምታዋን አልለመድኩትም፤ እሱ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ሐኪሙ መጣ። "ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክሽን እንዳትነኪው። ሌላ እንሰጥሻለን" አላት።

በዚያ በተሰነጣጠቀ ከንፈሯ "ቀጭኗስ? ታቆማለች?" አለች።

"የተስማማው ሰው ለምን ያቆማል?"

ወደ እኔ ዞረች። "አየህ አይደል? ለእሷ ሲሆን ሁሉም ይስማማል!"

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም አብሮ። ኮሪደር ወጥቼ ለቀጭኗ ደወልኩላት።

"ተናደደችብሽ" አልኳት።

"እሰይ!" አለችና ስልኩ ላይ ለቅሶዋን ለቀቀችው።